በአንድ ብር ሁለት ሥራ፦ ለኢንጂነሪንግም ለጌምም የሚሆን ላፕቶፕ አመራረጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ግቢ በተከፈተ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዞራል። «ኢንጂነሪንግ ነኝ፣ ጌምም እጫወታለሁ፣ ብሩ ግን ይቺው ናት። ምን ልግዛ?» መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱ ከኋላ ይመጣል። ሲቪል ወይም መካኒካል ከሆናችሁ ያገለገለ ዎርክስቴሽን (ለመሐንዲስ ሥራ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ላፕቶፕ) ፈልጉ። ሶፍትዌር፣ ኮምፒውተር ወይም ኤሌክትሪካል ከሆናችሁ፣ ጌሙም ለእናንተ የምር ከሆነ፣ ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ያዋጣችኋል። በዚያው ብር «አዲስ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ» እየተባለ የሚሸጠውን ቀጭን ላፕቶፕ ግን ከልቡ ጌም የሚጫወት ሰው ይለፈው።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር እናንተ ስታነቡት ቀልድ ይሆናል። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዶላር ሲንቀሳቀስ እሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የማወዳድረው «በተመሳሳይ ብር ምን ይገኛል» በሚለው ነው። ለብዙዎቻችሁ ደግሞ ይህ ብር አንዴ ብቻ የሚመጣ ነው። መንዝ ወይም መርሐቤቴ ያለ አባት በግ ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሞላው ገንዘብ ሁለተኛ ዙር የለውም።

መጀመሪያ ዲፓርትመንት ይድረሳችሁ

ፍሬሽማን ላይ ያላችሁ ልጆች አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው። ማትስ፣ ፊዚክስ፣ ሎጂክ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ እንግሊዝኛ። ለዚህ ስልክ ይበቃል፣ ሞጁሉም በፒዲኤፍ ነው የሚዞረው። ሲቪል እሆናለሁ ብሎ ከባድ ማሽን የተሸከመ ልጅ ኤሌክትሪካል ሊደርሰው ይችላል፤ ያኔ ለማይጠቀምበት ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ለሚሠራው ክፍል) ከፍሎ፣ በየቀኑ ሁለት ኪሎ ተኩል ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ ሲያመላልስ ይከርማል። ከተመደባችሁ በኋላ ግን ሲኒየሮቹን «እናንተ በምን ነው የምትሠሩት?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ያ ጥያቄ ከየትኛውም ሱቅ ምክር ይሻላል።

«እስከዚያ ዋጋው ይጨምራል» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሊጨምር ይችላል። ብሩ እጃችሁ ላይ ካለና እንዳያልቅ ከፈራችሁ፣ ለሁሉም ዲፓርትመንት የሚሆነውን መካከለኛ ዎርክስቴሽን ግዙና ቁጭ በሉ።

ትምህርቱ ከማሽኑ ምን ይፈልጋል?

የሲቪል ሶፍትዌሮች ኦቶካድ፣ ሲቪል 3ዲ፣ ኢታብስ፣ ሳፕ 2000፣ አንዳንዴም ሬቪት ናቸው። ኦቶካድ ስሙ ያስፈራል እንጂ ተራ ባለ ሁለት ገጽታ ድሮዊንግ ላይ ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የማስሊያ ክፍሎች በአንዱ) ነው። ስለዚህ ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዷ ኮር ፍጥነት ይወስናል። ኢታብስ ላይ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ከነመሬት መንቀጥቀጥ ሎዱ ራን ስታደርጉ የሚጨነቁት ፕሮሰሰሩና ራሙ (የሥራ ሚሞሪው) ናቸው፣ ግራፊክስ ካርዱ ቁጭ ብሎ ያያል። ሬቪትና ሲቪል 3ዲ ደግሞ ራም ይበላሉ። 8 ጊጋ ላይ ይከፈታሉ፣ ፋይሉ ሲያድግ ግን ትዕግሥታችሁን ይጨርሱታል።

መካኒካል ሌላ ዓለም ነው። ሶሊድዎርክስና ካቲያ ላይ ትልቅ አሴምብሊ ስታሽከረክሩ ግራፊክስ ካርዱ የምር ይሠራል። ሶሊድዎርክስ ውስጥ ዕቃውን ከነብርሃኑና ከነጥላው የሚያሳየው ሪልቪው የሚባለው ነገር የሚበራው በዎርክስቴሽን ካርድ ላይ ነው፤ በተራ የጌም ካርድ ቁልፉ ደብዝዞ ይቀመጣል። ያለ እሱ መሥራት ይቻላል፣ ዲግሪ አያስከለክልም። አንሲስ ደግሞ የቻላችሁትን ያህል ራምና ኮር ብትሰጡት የሚጠግብ አይደለም፣ ግን የተማሪው ነፃ እትም ራሱ የሜሽ (ዕቃው ለስሌት የሚከፋፈልባቸው ቁርጥራጮች) ገደብ ስላለው ከ16 ጊጋ ራም በላይ ለማውጣት አትጨነቁ።

ኤሌክትሪካል ማትላብ፣ ሲሙሊንክ፣ ፕሮቲየስ ነው። ግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም፣ ነጥብ። ሶፍትዌር የሚማሩት ደግሞ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከነኢሙሌተሩ፣ ከጎኑ ብሮውዘር ከሃያ ታብ ጋር፣ ከሥሩ ዳታቤዝ ስለሚከፍቱ 16 ጊጋ ራም ግዴታቸው ነው። አርክቴክቸር ያላችሁ ልጆች፣ ሉሚዮን የሚባለው ነገር ከሁላችንም በላይ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ እናንተ ቀጥታ ወደ ጌሚንግ ላፕቶፑ ሂዱ።

በነገራችን ላይ ሶሊድዎርክስ፣ ሬቪትና ኢታብስ የሚሠሩት በዊንዶውስ ብቻ ነው። ማክቡክ ኤም 1 ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ድምፁ አይሰማም፣ በጣም ደስ ይላል። ግን እንደ ድሮዎቹ የኢንቴል ማኮች ዊንዶውስ በቡት ካምፕ አይጫንበትም። ለሶፍትዌር ተማሪ ይሆናል፣ ለሲቪልና ለመካኒካል አይሆንም፣ ለጌምም አይሆንም።

ሌላው፣ የኦቶዴስክ ሶፍትዌሮች (ኦቶካድ፣ ሲቪል 3ዲ፣ ሬቪት) ለተማሪ በነፃ ነው የሚሰጡት። ተማሪ መሆናችሁን አረጋግጣችሁ በየዓመቱ ታድሳላችሁ። በፍላሽ ከዶርም ዶርም የሚዞረውን ክራክ ለመጫን ብሎ አንቲቫይረስ ያጠፋ ልጅ ከኦቶካዱ ጋር ምን እንደጫነ አያውቅም።

አዲሱ ቀጭን ላፕቶፕ

ስለዚህኛው የምለው አጭር ነው። ቀላል ነው፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ ያምራል። ለኤሌክትሪካል ተማሪ ጌም ካልተጫወተ ጥሩ ምርጫ ነው። ግራፊክሱ ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ነው። ጂቲኤ 5ን ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል፣ የኳስ ጌሞችንም እንደዚያው። ከዚያ በላይ ስትሉት ይንተፋተፋል።

ይህን ከገዛችሁ ቢያንስ ራሙ ሁለት ቦታ መሰካቱን እዩ። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሚሞሪ የለውም፣ ከራሙ ነው የሚበደረው። አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ከተሰካበት ይልቅ 8 እና 8 ሆኖ የተሰካበት ማሽን ጌም ላይ በግልጽ ይበልጣል። ኢንቴል ራሱ አይሪስ ኤክስኢ የሚለውን ስም የሚያሳየው ራሙ በሁለት ቻናል ሲሠራ ነው፤ በነጠላ ከሆነ «ዩኤችዲ» ብቻ ብሎ ይጽፋል። ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ራሙ ቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። 8 ጊጋ ተበይዶ፣ መጨመሪያ ቦታ የሌለው ማሽን በነፃ ቢሰጣችሁ እንጂ በገንዘባችሁ አትግዙ።

ያገለገለው ዎርክስቴሽን

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ይህ ዓይነት ማሽን መኖሩንም አያውቅም። የዴል ፕሪሲዥን፣ የኤችፒ ዜድቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ ሲሪየስ፤ እነዚህ መጀመሪያ ውጭ አገር ላሉ መሐንዲሶች በጣም ውድ ሆነው የተሸጡ ናቸው። ድርጅቶቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጅምላ ይጥሏቸዋል፣ ነጋዴው በዱባይም በሌላም በኩል ያስገባቸዋል፣ እኛ ጋ «ስላይትሊ ዩዝድ» (በጥቂቱ ያገለገለ) ተብለው ይደረደራሉ። ቀፏቸው ጠንካራ ነው፣ ኪቦርዳቸው ጥሩ ነው፣ ከሥር ሲከፈቱ ራም መጨመሪያም ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) መጨመሪያም አላቸው። መብራት የላቸውም፣ ጥቁር ናቸው፣ ልጅ ስለማይጓጓላቸው ዋጋቸው ከጌሚንግ ላፕቶፕ ይቀንሳል። እኔ የምወዳቸውም ለዚሁ ነው።

ችግሩ የግራፊክስ ካርዳቸው ስም ነው። ኳድሮ ተብሎ ይጻፋል፣ ገዢው ለጌም ምን ያህል እንደሚሆን ግራ ይገባዋል። ውስጡ ያለው ቺፕ ግን ከጌሙ ካርድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ኳድሮ ፒ1000 ጂቲኤክስ 1050 ከሚባለው የጌም ካርድ ትንሽ ዝቅ ይላል። ፒ2000 ወደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይጠጋል። ቲ1000 እና ቲ2000 የተሠሩት ጂቲኤክስ 1650 ከተሠራበት ቺፕ ነው፤ ቲ2000 ከእሱ ጋር እኩል በሉት፣ ቲ1000 ትንሽ ቢያንስ ነው። አርቲኤክስ ኤ2000 ከአርቲኤክስ 3050 ቲአይ ጋር ይመደባል፣ ከተገኘና ዋጋው ከተስማማችሁ አትልቀቁት።

ከእነዚህ መሐል በ«ፒ» የሚጀምሩትን ልተዋቸው ወይስ ልግዛቸው የሚለው ላይ አሁን አቋሜ ከበፊቱ ጠንክሯል። የፒ ሲሪየስ የፓስካል ትውልድ ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለዚህ ትውልድ የጌም ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ማውጣት አቁሟል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ያሉት ጌሞች ነገ ይቆማሉ ማለት አይደለም። ግን አራት ዓመት ልትማሩበት የምትገዙት ማሽን ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ በ«ቲ» የሚጀምረውን ውሰዱ። ፒ2000 በእውነት ርካሽ ካልሆነ በቀር።

ፕሮሰሰር ላይም አንድ የማይታለፍ መስመር አለ፣ እሱም 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትን ኢንቴሎች ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል። 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች አሁን በርካሽ የሚራገፉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው!» ሲላችሁ ሙሉ ስሙን አስነብቡት። አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። አይ 5-10300ኤች አራት አለው። አይ 7-8850ኤች እና አይ 7-9850ኤች ስድስት ስድስት አላቸው። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ብዙ ትናገራለች፦ «ዩ» ከሆነ በ15 ዋት ገደማ የሚሠራ፣ ባትሪ የሚቆጥብ ነው፣ «ኤች» ከሆነ በ45 ዋት ገደማ የሚሠራ፣ ጉልበት ያለው ነው። ለእኛ ሥራ «ኤች» ነው የሚያስፈልገው። ከኤኤምዲ በኩል ራይዘን 5 5600ኤች ስድስት ኮር ያለው በጣም ጥሩ ፕሮሰሰር ነው፣ ግን ይህን በብዛት የምታገኙት ጌሚንግ ላፕቶፖቹ ላይ ነው።

የዎርክስቴሽን ጉድለቱስ? ስክሪኑ ባብዛኛው 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ያድሳል፣ ኦንላይን ተኩስ የሚወዱ ልጆች ያንን አይወዱትም። ባትሪው ያረጀ ሊሆን ይችላል። ክብደቱም አለ፣ በተለይ እንደ ዜድቡክ 15 ዓይነቱ። ቀጠን ያለ ከፈለጋችሁ ፕሪሲዥን 5530 ወይም 5540 ይሻላል፣ ግን ቀጭን ስለሆነ ይግላል።

ጌሚንግ ላፕቶፑ

ገበያው ላይ የምታዩዋቸው ኤችፒ ቪክተስና ፓቪሊየን ጌሚንግ፣ ሌኖቮ አይዲያፓድ ጌሚንግ 3፣ ኤሰር ኒትሮ 5፣ አሱስ ተፍ፣ ዴል ጂ15 ናቸው። ከሞዴሉ ስም በፊት ካርዱን ተመልከቱ። ጂቲኤክስ 1650 ዛሬም መነሻ ይሆናል። ጂቲኤ 5ን በሙሉ ኤችዲ በከፍተኛ ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ገደማ ያጫውታል፣ የኳስ ጌሞቹ አይከብዱትም፣ ቫሎራንት ላይ ደግሞ ይንሸራሸራል። አርቲኤክስ 3050 አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። አርቲኤክስ 4050 ከ6 ጊጋ ሚሞሪ ጋር ነው የሚመጣው፤ በጀታችሁ እዚያ ከደረሰ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ትታችሁ ሂዱና ግዙት።

ስለዚያ ሚሞሪ ልናገር። 1650ውም አብዛኛው 3050ም ባለ 4 ጊጋ ነው። ለድሮ ጌሞች ይበቃል። ለአዳዲሶቹ አይበቃም፦ ሳይበርፐንክ 2077 ዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ ራሱ ባለ 6 ጊጋ ጂቲኤክስ 1060 ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ገና ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። ዶርም ውስጥ የምትጫወቱት ኳስና ጂቲኤ ነው? ከሆነ የቲ2000 ዎርክስቴሽንና የ1650 ጌሚንግ ላፕቶፕ ለእናንተ አንድ ናቸው፣ ርካሹንና ጤነኛውን ውሰዱ። አዲስ የወጣ ጌም ሁሉ ካልተጫወትኩ የምትሉ ከሆነ ግን በዚህ በጀት የሚያጠግባችሁ ላፕቶፕ የለም፣ ፕሌስቴሽን ቤት ሂዳችሁ ተጫወቱና ብሩን ለትምህርቱ አውሉት።

ሌላ ወጥመድ አለ። አርቲኤክስ 3050 የሚል ተለጣፊ ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። አምራቹ ለካርዱ 35 ዋት ሊሰጠው ይችላል፣ 80 ዋትም ሊሰጠው ይችላል። 35 ዋት የተሰጠው ቀጭን ላፕቶፕ በደንብ በተመገበ ጂቲኤክስ 1650 ሊበለጥ ይችላል፣ ዋጋው ግን የ3050 ነው። ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ስትከፍቱ የካርዱ ከፍተኛ ዋት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሻጩ ፊት ክፈቱት፣ አያፍርም።

ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ከዎርክስቴሽን የበለጠ ያሳስበኛል። ዎርክስቴሽኑ ቢሮ ውስጥ ቀን ቀን ሲሠራ ነው የኖረው። ጌሚንጉን ማን፣ ስንት ሌሊት ሙሉ እንዳነደደው አይታወቅም። ማጠፊያውን፣ ጌም ላይ መንቀሳቀሻ የሆኑትን የደብልዩ፣ ኤ፣ ኤስና ዲ ቁልፎችን እዩ። እነሱ ብቻ ከተላጡ ታሪኩን ነግረዋችኋል።

ከቤተሰብ ጋር ደብረ ብርሃን ከተማ የምትኖሩ ደግሞ ዴስክቶፕ አስቡበት። በተመሳሳይ ብር የሚገኘው ጉልበት ይበልጣል፣ ሲበላሽም አንድ ዕቃ ብቻ ትቀይራላችሁ። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል እንጂ። ዶርም ለሚኖር ግን ጨርሶ አይታሰብም።

ደጋው፣ ቆላውና መብራቱ

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የላፕቶፕ ሙቀት ምርመራ የሚሠራው ባብዛኛው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚነፋው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይክሰናል፣ ያን ያህል አትደንግጡ። ሸዋ ሮቢት ወርዳችሁ ክረምት የምታሳልፉ ልጆች ግን ተቃራኒው ነው የሚገጥማችሁ፤ አየሩ ጠበቅ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ጌም ያስጠላል። ሁለቱም ቦታ ላይ የሚሠራው መድኃኒት አንድ ነው፦ አቧራውን አስጠርጉ፣ ያረጀ ማሽን ከሆነ ተርማል ፔስቱን (ከቺፑ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይሩ።

እባካችሁ ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። ብርድ ልብስ የከተማችን ኩራት ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ያለ እሱ ማን ያድራል? ግን ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሆዱ ነው። አልጋ ላይ ተጠቅልላችሁ ጂቲኤ ስትጫወቱ አፍንጫውን እየደፈናችሁት ነው። አንድ ጣውላ ወይም ጠንካራ የመጽሐፍ ሽፋን ከሥሩ አድርጉ።

ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይም ከፍታው ይታሰብ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታነበው ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን ላይ የምትንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ትጠጋለች። ስለዚህ አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ከመስመሩ በታች ናት፣ መሐል ሜዳና ከፍ ያለው መንዝ ግን ያልፉታል። ለዕረፍት ቤት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ዋናው ማከማቻችሁ ኤስኤስዲ ይሁን። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ከፍታ ግድ አይሰጠውም። ፍጥነቱ ደግሞ ለብቻው ምክንያት ይሆናል። መጠኑ 512 ጊጋ ይሁን፣ ጂቲኤ 5 ብቻውን ከ100 ጊጋ በላይ ይወስዳል።

በውርጭ ጠዋት በመኪና መጥታችሁ ሰው የሞላበት ሞቃት ክፍል ስትገቡ ላፕቶፑን ወዲያው አታብሩት። ቀዝቃዛው ብረት ላይ እርጥበት ይቋጠራል። ቦርሳው ውስጥ ትንሽ ይቆይና ይሙቅ።

ወደ መብራቱ እንምጣ። ጌሚንግ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል፣ ካርዱ በባትሪ ብቻ ሙሉ ዋቱን አያገኝም፣ ባትሪውም ጌም ላይ አንድ ሰዓት ቢሄድ ነው። ዎርክስቴሽንም ከዚህ ብዙ አይሻልም። አሳይንመንት ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚወስነው የባትሪው ጤና ነው፣ ስለዚህ ከታች የምነግራችሁን ሪፖርት ሳታዩ አትክፈሉ። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ስታቢላይዘር አያስፈልገውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ይመታልና ስትጠፋ ንቀሉት። እንደዚሁ አንድ ዲቫይደር ላይ ስድስት ልጅ የሚሰካበት ዶርም ውስጥ 150 ወይም 200 ዋት ቻርጀር ከውኃ ማፍያ ጋር አብሮ አይሰካም።

ሱቅ ውስጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ያሉ ሱቆች ቅርብ ናቸው፣ ሲበላሽ ተመልሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምርጫው ግን ጠባብ ነው፣ ዎርክስቴሽን በተለይ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ መገናኛና ቦሌ አካባቢ ብዙ ታያላችሁ። በቴሌግራም ያያችሁትን ዕቃ ብር ልካችሁ «በመኪና ላኩልኝ» ማለት የለም። ወይ ራሳችሁ ሂዱ፣ ወይ የሚያውቅ ዘመድ ይሂድ። ወንድምዬ ወይም እትዬ ብላችሁ የምትጠሩት አንድ አዲስ አበባ ያለ ሰው አይጠፋም መቼም።

ከያዛችሁት ብር አሥር ካላችሁ ሁለቱን አስቀሩ። ራም መጨመር ይመጣል፣ ኤስኤስዲ ይመጣል፣ አንዳንዴ ባትሪ ይመጣል። ሙሉውን ለማሽኑ ከፍሎ በ8 ጊጋ ራም የሚሰቃይ ልጅ ብዙ ነው።

ማሽኑ ሲከፈት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም፣ የራሙን መጠንና ስንት ቦታ እንደተሰካ፣ የካርዱንም ስም ታያላችሁ። ሻጩ የነገራችሁና እዚያ የተጻፈው ካልገጠመ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ። ቀጥሎ በኮማንድ ፕሮምፕት (ዊንዶውስ ውስጥ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የባትሪ ሪፖርት አውጡ። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ሲፈበረክ የነበረው ነው፣ ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው ዛሬ የሚይዘው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ከሆነ የባትሪ ዋጋ ከላዩ ይቀነስላችሁ። በፍላሽ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ ይነግራችኋል። ፈርማርክንም ያዙ፣ ካርዱን ሩብ ሰዓት አስጨንቁት። ስክሪኑ ላይ ቀለም ከተረጨ፣ ማሽኑ ከጠፋ፣ ወይም ፋኑ እንደ ወፍጮ ከጮኸ አልቋል። ሻጩ «ይህን ሁሉ ማየት አይቻልም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ዎርክስቴሽን ላይ ደግሞ ከዚህ በላይ አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። እነዚህ ማሽኖች የድርጅት ንብረት ነበሩ። ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፣ ፓስወርድ ከጠየቀ አትግዙ። ዊንዶውሱን ሪሴት አስደርጋችሁ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የአንድ ድርጅት ስም መጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ከጠየቀም አትግዙ፤ ዛሬ ቢታለፍም አንድ ቀን ፎርማት ስታደርጉት ተመልሶ ይመጣል። ባዮስ ውስጥ ሳላችሁ ቲፒኤምና ሴኩር ቡት የሚባሉት የደህንነት ነገሮች መኖራቸውን እዩ፣ ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ያለ ሁለቱ አይከፈትም።

ቻርጀሩ የራሱ መሆኑን፣ ዋቱም የሚመጥን መሆኑን አረጋግጡ። ዴል ለምሳሌ ደካማ ወይም የማያውቀው ቻርጀር ሲሰካበት መልእክት ያወጣና ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል። እናንተ «ማሽኑ ሞተ» ትላላችሁ፣ የሞተው ቻርጀሩ ነው።

የሱቅ ዋስትና በአፍ ይነገራል፣ ደረሰኝ ላይ ግን አይጻፍም። አስጽፉት። የማሽኑ ሲሪያል ቁጥር፣ ምን ሲበላሽ እንደሚቀየር፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ዕቃ ብቻ ይቀየራል። ከአዲስ አበባ የምትገዙ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያዙት እንጂ አሥር ሰዓት ላይ ገዝታችሁ ወደ ላምበረት መናኸሪያ አትሩጡ። ጠዋት ግዙ፣ አንድ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ሦስት አራት ሰዓት ሥሩበት፣ ዋይፋዩን፣ ካሜራውን፣ ዩኤስቢዎቹን በሙሉ፣ ስፒከሩን ሞክሩ። እንከን ካለው ሱቁ ሳይዘጋ ትመልሱታላችሁ።